በደጃፉ ላይ የተጻፈው ፓስወርድ

መርጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ለኅዳር ጽዮን ዋዜማ የወይራ ማርያምን እቃ ቤት ሲከፍቱ የጎደለ ነገር አልታያቸውም። ጓጉንቸሩ ደኅና ነው። መስኮቱ ደኅና ነው። በቅርቡ ተጠግኖ የመጣው ድምፅ ማጉያም ጥጉን ይዞ ቆሟል። ማኅደሩን ከተሰቀለበት ሲያወርዱት እንኳ ክብደቱ ያው ነበር። ሲከፍቱት ግን ተአምረ ማርያሙ የለም፤ በቦታው አንድ ጡብ ተቀምጧል።

«ጡብ!» ብለው ጮኹ መርጌታ። «ለእመቤታችን ጡብ! እጁ ይቆረጥ!»

ወይራ ማርያም ከሞጣ ወጣ ብላ ያለች ደብር ናት። በሳምንቱ አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የደብሩ ተወላጅ በኢንተርኔት የድሮ ዕቃ ከሚሸጥበት ገጽ ላይ የብራናውን ፎቶ አየ። ከአንዱ ቅጠል ጠርዝ ላይ ጧፍ ያቃጠላት፣ ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ነበረች፤ በእሷ ነው ያወቀው። ተጠየቀ፣ ተጻፈ፣ ከቴሌ መልስ መጣ። ፎቶዎቹ የተለቀቁት ማክሰኞ ኅዳር 27 ቀን 2009 ዓ.ም. 08፡15 ላይ፣ ቢቸና ከተማ፣ በመምህርት ወይንእሸት ስም ከተመዘገበ የቤት መስመር ነው ይላል።

«አለቀ!» አሉ የቢቸና ፖሊስ ኃላፊ ኮማንደር ቀለሙ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መታ አድርገው። ዐርብ ጠዋት ነበር። መዝገቡ ላይም በራሳቸው እጅ «ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ» ብለው ጻፉ።

ኢንስፔክተር ሥርጉት ይህችን «አለቀ» የምትባል ቃል አትወድም። የሉማሜ ልጅ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመት መርማሪ ሆና ስትሠራ «አለቀ» ከተባለ በኋላ ያላለቀ ስንት ነገር አይታለች!

* * *

የመምህርት ወይንእሸት ግቢ ደጃፍ ላይ በነጭ ጠመኔ፣ ሰው ሁሉ በሚያነበው ትልልቅ ጽሕፈት፣ ዐሥር አኃዝ ተጽፏል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ሥርጉት።

«የዋይፋዩ ፓስወርድ ነዋ!» አሉ መምህርቷ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ሰባ ተማሪ ለማስተማር የተቃኘ ሴት ናቸው። «ስልክ ቁጥሬ ነው። አላውቅም የሚል ካለ እኔው እነግረዋለሁ።»

«ለማን ብለው ነው የጻፉት?»

«ለደረሰ ሁሉ! የስልኩ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሁለት ወሩ። በሽቦ የሚመጣው የእኔ ብቻ ነው የሚሠራው። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አጥሬ ሥር ተቀምጠው ያነባሉ። የማኅበር ተራዬ ሲደርስም ጽዋ ሊጠጣ የመጣው ሁሉ ይጠይቀኛል። ደጄ ቆሞ ውሃ ለጠየቀኝ ሰው ጣሳ ልደብቅበት?»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ አለች ሥርጉት በሆዷ። በአፏ ግን አልወጣትም፤ ሴትዮዋን ወደደቻቸው።

ቤቱ ተፈተሸ። የፈተና ወረቀት፣ መዝገበ ቃላት፣ የበግ ለምድ። ብራና የሚባል ነገር የለም። በረንዳው ላይ ሁለት ቀንድ ያላት ነጭ የዋይፋይ ሳጥን አረንጓዴ መብራቷን ታርገበግባለች። አንዱ ኮንስታብል በኮማንደሩ ትእዛዝ ሽቦዋን ሊነቅል እጁን ሲዘረጋ መምህርቷ ፊቱ ተገተሩ።

«አትንካት! አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ! እኔን ከፈለጋችሁ ይኸው፤ በእግሬ እሄዳለሁ። የተማሪዎቼን መስመር ግን እንደ ሌባ ዕቃ በሰው መሃል ተሸክማችሁ አትወጡም!»

ኮንስታብሉ ወደ ሥርጉት ዞረ።

«ተዋት፣ ትቆይ» አለች ሥርጉት። መምህርቷን ይዛ ስትወጣ አጥሩ ሥር የተቀመጡት ተማሪዎች ብድግ ብለው ቆሙ፤ ክፍል ሲገቡላቸው እንደሚነሡት።

* * *

«ማክሰኞ በስምንት ሰዓት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ፈተና ሳርም።»

«ማን አየዎት?»

«ማንም። ሰው በገዛ ቤቱ ምስክር አስቀምጦ ነው የሚያርመው?»

ኮማንደር ቀለሙ ከበሩ ላይ ሳል አሉ። «ከጓሮ የሚከራይ አንድ ሰው አለ አሉ። እንድሪስ የሚባል፤ የጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ሠራተኛ። ከደሴ ነው የመጣው። እሱ ነው ቢሉን እርስዎም ይገላገላሉ፤ እኛም እንገላገላለን።»

መምህርቷ ቀና አሉ። «ልጁ ሦስት ዓመት ከእኔ ጋር ሲኖር የሰው መርፌ አላነሣም። እኔ ልውጣ ብዬ የሰው ልጅ አላስገባም። ሂዱ፣ ሌላ በር አንኳኩ!»

«እንግዲያው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ወደ ደብረ ማርቆስ ይወጣል፤ ይጫናሉ» አሉ ኮማንደሩ። ለሥርጉትም በኮሪደሩ ላይ «እስከዚያ ልፊ፤ አልከለክልሽም» አሏት።

ሥርጉት ነገሩ ገብቷታል። መምህርቷ አንዴ እዚያ መኪና ላይ ከተጫኑ ቢፈቱም አይፈቱም። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩበት ከተማ ላይ «የማርያምን መጽሐፍ የሸጠችው» ተብለው ነው የሚኖሩት። ይኼ አናደዳት።

እንድሪስ ሲጠየቅ እንዲህ አለ፦ «ስምንት ሰዓት? ተረኛ አድሬ ስለ ነበር ከምሳ በኋላ ተኝቻለሁ። ብቻዬን ነበርሁ። ወላሂ፣ ምስክር የለኝም።» ጣቶቹን እያፍተለተለም «እትዬን ከምትወስዷቸው እኔን ውሰዱኝ» አለ።

ቀጥሎ የተጠራው ጎረቤቱ ሽታሁን ነው። በወሰን አጥር የተነሣ ከመምህርቷ ጋር አራት ዓመት ተኳርፏል። ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ግን ስልክ ይዞ በዚያው አጥር ላይ ተደግፎ ያዩት ሦስት ሰዎች አሉ። ኮማንደሩ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው።

«ምን ትሠራ ነበር?»

ሽታሁን ላብ አጠመቀው። «ኧረ ተይኝ፣ ልጄ።»

«ጋሼ ሽታሁን፣ ይናገሩ።»

«ልጄ ቤይሩት ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ እረፍቷ ነው። በቪዲዮ ላያት ነበር።» አንገቱን ደፋ። «በተጣላሁት ሰው ዋይፋይ! ለሴትዮዋ እንዳትነግሪብኝ።»

ስልኩን ሰጣት። የተደወለበት ሰዓት አለ፣ የልጅቷም ፊት አለ። የብራና ፎቶ የለም። ሥርጉት ስልኩን መለሰችለት፤ ቅዳሜ በማለዳ የሞጣ አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች።

* * *

ጉንደ ወይንን አልፎ ሞጣ እስኪገባ ድረስ መንገዱ አጥንት ይለያያል። ሥርጉት መጀመሪያ ወይራ ማርያም ወጥታ መርጌታን አነጋገረቻቸው፤ እቃ ቤቱን ገብታ አየች፤ የሚከፈተውም በእሳቸው እጅ ብቻ መሆኑን ሰማች። ከዚያ ወደ ከተማ ወርዳ ሳጥኗ የተገዛችበትን ሱቅ ፈለገች። በሩ ላይ «ዋይፋይ እንሸጣለን፣ እንገጥማለን፤ ቴሌቪዥንና ድምፅ ማጉያ እንጠግናለን» ይላል። ባለቤቱ ጓዴ ፈገግታ የማያልቅበት፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ጎልማሳ ነው። መምህርቷ ቢቸና ድረስ ወስደው ያስገጠሙትም እሱን ነው።

«ስለዚህ ዕቃ አስተምረኝ» አለችው። «ለራሴ ብገዛ የቱን ልግዛ?»

ጓዴ ሁለት ሳጥን አወረደ። ማስተማር ይወዳል። «ይቺ ርካሿ፣ የድሮውን መቆለፊያ ብቻ ነው የምታውቀው። በእጁ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ይከፍታታል። እንዳትገዣት። ይቺኛዋ አዲሱን መቆለፊያ ታውቃለች፤ የሚቀጥለውም ዓመት ማስተካከያ ይመጣላታል። ቀንዷ በረዘመ ቁጥር ጥሩ ነው እንዳይሉሽ፤ አጥር አልፎ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው መስጠት ምን ያደርግልሻል?»

«ከገዛሁ በኋላስ?»

«ከፋብሪካው ይዛው የመጣችው ፓስወርድ ሆዷ ላይ ተለጥፏል። ማንም ገልብጦ ያነባታል። ሁለት ቁልፍ አላት፤ አንዱ የእንግዳ ነው፣ ኢንተርኔት መግቢያ። ሁለተኛው የባለቤቷ ነው፣ ሳጥኗን ራሷን ማዘዣ። ሁለቱንም በዚያው ቀን ትቀይሪያለሽ። ረጅም አድርጊው፤ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ይመረጣል። ስልክ ቁጥር፣ የልጅ ስም፣ የልደት ቀን፣ እነዚህን እንዳታደርጊ።»

«ታዲያ የመምህርት ወይንእሸትን ለምን ስልክ ቁጥራቸውን አደረግህባቸው? የባለቤቱንስ ቁልፍ ቀይረህላቸዋል?»

ጓዴ ሳቀ። «ሽማግሌ አይደሉ? ይረሱታል ብዬ አዝኜላቸው ነው፤ የባለቤቱንም አልቀየርሁም። ሳጥኗን አነሣችኋት?»

«ብናነሣትስ ምን እናገኛለን?»

«ምንም። መብራት በጠፋ ቁጥር የገባ የወጣውን ትረሳዋለች። ቢቸና ደግሞ ከማክሰኞ ወዲህ መብራቱ ስንት ጊዜ ጠፍቷል?»

እውነቱን ነው፤ ሦስት ጊዜ ጠፍቷል። ሥርጉት ደብተሯን እያጠፈች፣ እግረ መንገዷን፣ ለሁሉም የምትጠይቀውን ጠየቀችው። «ማክሰኞ የት ነበርህ?»

«ማክሰኞ? በሁለት ሰዓት እዚሁ ሱቄን እየከፈትሁ ነበር። ጠዋት በሁለት ሰዓት ሞጣ የነበረ ሰው እንዴት ብሎ ቢቸና ይገኛል?»

ሥርጉት ለመሰናበት ያህል አጠገቡ ጨርቅ የምትሸጠውን ውበቴን «ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ጓዴ እዚህ ነበር?» አለቻት።

«ኧረ እንዴታ!» አለች ውበቴ። «ድምፅ ማጉያ እሞክራለሁ ብሎ ሰፈሩን ሲያደነቁረን ነበር። የፈለግሽውን ጠይቂ፤ ሃያ ሰው ሰምቷል።»

ሥርጉት ደብተሯ ላይ ጓዴን ሰረዘችው። ስትመለስ ቀኑ እየሄደ ነው፣ በእጇ ምንም የለም።

* * *

መምህርቷ ቤት ስትደርስ እንድሪስ በረንዳው ላይ ኮምፒውተር ይዞ ተቀምጧል። ሳጥኗ መብራቷን እያርገበገበች ነው። በመንደሩ ግን መብራት የለም።

«እንዴት ነው የምትሠራው?»

«በባትሪ ናት» አለ እንድሪስ። «መብራቱ ሲሄድ ተማሪዎቹ እየተቋረጠባቸው እትዬ ተናደዱ። ባለፈው ወር ከሶላሩ ባትሪ ጋር አያይዤላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አንዴም ጠፍታ አታውቅም።»

ሥርጉት ቁጭ አለች። «ጠፍታ ካላወቀች የገባ የወጣውን አትረሳም ማለት ነው።»

«አዎ። ግን የባለቤቱ ቁልፍ ያስፈልጋል።»

«ሆዷን ገልብጣት፤ ተለጥፎልሃል!»

ገለበጠ፤ አነበበ፤ ጻፈ፤ የሳጥኗ መዝገብ ተከፈተ። ማክሰኞ የገቡት ስልኮች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ስልክ ከፋብሪካ ይዞት የወጣ የራሱ መለያ አለው፣ እንደ አሻራ፤ እንድሪስ ያስረዳት ይህን ነው። ሥርጉት በጣቷ እየወረደች የሽታሁንን ስልክ አገኘችው። አጠገቡ 14፡02 ይላል።

«ይኼ ተሳስቷል» አለች። «ሽታሁን ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ሦስት ሰው አይቶታል።»

«አልተሳሳተም። ሳጥኗ ቀኑን የምትጀምረው በእኩለ ሌሊት ነው፤ በፈረንጅ ሰዓት። እኛም ላብራቶሪ ውስጥ እንዲህ ነው የምንጽፈው። አሁን ሰዓትሽ ስንት ይላል?»

ሰዓቷን አየች። አሥር ሰዓት ከአራት ደቂቃ። የሳጥኗን አየች። 16፡04።

የቴሌውን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። 08፡15።

«እንድሪስ፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ አይደለም!»

«እሱማ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ለካ ወረቀት ነበራችሁ? እኔንኮ በአፍ ነው ስምንት ሰዓት ብላችሁ የጠየቃችሁኝ!»

«የእኛ ነገር! ከተማውን ሁሉ ያመስነው በተሳሳተ ሰዓት ነው!» ብላ ጭኗን መታች። ማክሰኞ በሁለት ሰዓት ከሩብ እንድሪስ ጤና ጣቢያ ከሕሙማን ደም ይቀዳ ነበር። መምህርቷ ከሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ተነሥተው ክፍል ገብተዋል፤ ሰባ ተማሪ ፊት ቆመዋል። በሳጥኗ መዝገብ ላይ ግን በጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ የገባ አንድ ስልክ ብቻ አለ፤ 08፡11 ገብቶ 08፡24 ወጥቷል።

ያን ጊዜ የጓዴ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። በሁለት ሰዓት እዚሁ ሱቄን እየከፈትሁ ነበር።

ማንም ሁለት ሰዓት አላለውም። ፖሊሱ ስምንት ይላል፣ መዝገቡ ስምንት ይላል፣ የቢቸና ሰው ሁሉ ስለ ስምንት ሰዓት እየማለ ነው። ለስምንት ሰዓቱ ደግሞ ሃያ ምስክር ነበረው። እሱ ግን ሃያውን ትቶ ለሁለት ሰዓት ማለ። ትክክለኛውን ሰዓት የሚያውቅ፣ በዚያ ሰዓት እዚያ የነበረ ሰው ነው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ!» አለች ሥርጉት፤ ከዐርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ኮማንደሩ ግን በስልክ ሲነገራቸው አልሳቁም። «የሱቅ ነጋዴ አፉ ስላዳለጠው ሞጣ ድረስ ሰው ላሰማራ? ወረቀቱ የሴትዮዋን ስም ነው የሚለው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ አለች በሆዷ። «ኮማንደር፣ ወረቀቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳትነው እኛ ነን፣ ሰዓቱን ስናነብ። ፈቀዱም አልፈቀዱ ነገ እሄዳለሁ። ከተሳሳትሁ ማዕረጌን ይግፈፉኝ» አለችና ዘጋችው።

* * *

እሑድ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ሥርጉት ከሁለት የሞጣ ባልደረቦቿ ጋር ውበቴ ሱቅ በር ላይ ቆመች። ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር።

«ማክሰኞ ጠዋት፣ በሁለት ሰዓት፣ ጓዴ ሱቁን ከፍቶ ነበር?»

«ጠዋትማ የት አባቱ!» አለች ውበቴ። «ሰኞ ከሰዓት ዘግቶ ወጣ፤ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ሲሆን አቧራ ለብሶ መጣ። ትናንት የጠየቅሽኝ የስምንቱን ነው እንጂ።»

ጓዴ አያቸው። ፈገግታው እንዳለ ነው።

«ስልክህን» አለች ሥርጉት።

«ለምን? ውበቴ ለስምንት ሰዓት መስክራልኛለች አይደለም እንዴ!»

«መስክራልሃለች። አንተ ግን ለሁለት ሰዓት ነው የመሰከርኸው። ማን ጠይቆህ?»

ፈገግታው ወረደ። የስልኩ መለያ ሲገለጥ ከሳጥኗ መዝገብ ጋር ፊደል በፊደል ገጠመ።

ሥርጉት በሱቁ ውስጥ ዐይኗን አዞረች። የወይራ ማርያም እቃ ቤት ትዝ አላት፤ ጥግ ላይ የቆመው፣ በቅርቡ ተጠግኖ የመጣው ድምፅ ማጉያ። መጽሐፉ በበር አልወጣም ያለ ማን ነው? በበር ነው የወጣው፣ በቀን፣ ጓዴ ዕቃውን ለጥገና ሊያወጣ ሲገባ፣ በድምፅ ማጉያው ሆድ ውስጥ። ከመደርደሪያው ሥር የተከመሩትን አሮጌ ድምፅ ማጉያዎች አንድ በአንድ እንዲፈቱ አዘዘች። አራተኛው ውስጥ ተአምረ ማርያሙ በፎጣ ተጠቅልሎ ተገኘ።

«እዚያ ተሰቅሎ አይጥ ሊበላው ነው እኮ!» አለ ጓዴ እጁ ሲታሰር። «ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ቢይዘው ምን አለበት?»

«የሚያውቁትማ ሦስት መቶ ዓመት ይዘውት ነበር» አለች ሥርጉት። «ለመምህርቷ አዝኜላቸዋለሁ ብለህ በራቸውን ክፍት የተውኸው፣ አንድ ቀን አንተው ልትገባበት ነው?»

ባልደረቦቿ ይዘውት ወጡ።

* * *

ሰኞ ጠዋት፣ መኪናው ሊነሣ በተባለበት በሁለት ሰዓት፣ ኮማንደር ቀለሙ የእስር ክፍሉን በር ራሳቸው ከፈቱ። እንደ ማፈር አድርጓቸዋል።

«መምህርት፣ ነፃ ነዎት። ይሂዱ።»

መምህርት ወይንእሸት ወጡና በኮማንደሩ ቢሮ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ይሂዱ እኮ ነው ያልሁዎት።»

«ሰምቻለሁ። መዝገቡን ያምጡት።»

ኮማንደሩ ሥርጉትን አዩ። ሥርጉት መስኮቱን አየች።

«ከቀኑ ስምንት ሰዓት የሚል ጽፈዋል» አሉ መምህርቷ። «ስሜ ከዚያ ሥር አለ። እሱ እንደተጻፈ እኔ ከዚህ ወንበር አልነሣም። ቢፈልጉ ደብረ ማርቆስ ይውሰዱኝ!»

«በኋላ ይስተካከላል።»

«አሁን!»

ኮማንደር ቀለሙ ብዕር አነሡ። «ቀን» የሚለውን ሰርዘው «ጠዋት» ጻፉ፤ «ስምንት» የሚለውን ሰርዘው «ሁለት» ጻፉ።

«ይፈርሙበት።»

ፈረሙ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ምክር ልስጥዎት፤ ያንን ዋይፋይ ያዘጉት። ለሰላምዎ» አሉ።

«አላዘጋም! ትናንት ማታ እንድሪስ የባለቤቱን ቁልፍ በእኔ ቃል ቀይሮታል፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ጠባቂዎችዎ እንዳይሰሙ ከእስር ክፍሉ ጽፌ ነው የላክሁለት። ለተማሪዎቼ ደግሞ ለብቻ የእንግዳ መግቢያ አለ፤ ስሙን ጽፎ ፈርሞ የሚወስድ ይወስደዋል፣ በየወሩም ይለወጣል። ደጄን ግን አልዘጋም። ለሽታሁንም ንገሩት፤ ከአጥር ሥር ቆሞ ከሚያፍር ገብቶ ወንበር ላይ ቁጭ ይበል፣ ልጁን ያናግር።»

ሥርጉት ደነገጠች። «ማን ነገረዎት?»

«ሁለት ወር ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ አጥሬ ላይ ሲያለቅስ አልሰማም?» አሉ መምህርቷ ነጠላቸውን እያጣፉ። ተነሡ። በሩ ላይ ደርሰው ዞሩ።

«ኮማንደር፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

ኮማንደሩ ሰዓታቸውን አዩ፤ ደግመው አዩ። «ሁለት ሰዓት ከሩብ።»

«እንግዲህ በዚህ ሰዓት እኔ የት እንደምገኝ ከዛሬ ወዲያ ለማንም ጥያቄ እንዳይሆን» አሉና ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ሽቅብ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ቀጥ ብለው ሄዱ።